የማይታይ አካል ጉዳት፦ ምንነቱ፣ ሕጉና አያያዙ

የማይታይ አካል ጉዳት የሚባለው ከውጭ ላየው ሰው የማይገለጥ፣ ግን ሥራን፣ ትምህርትን ወይም የዕለት ኑሮን በብርቱ የሚገድብ የረጅም ጊዜ የጤና ወይም የአእምሮ ሁኔታ ነው። የሚጥል በሽታ፣ የስኳር በሽታ፣ ኦቲዝም፣ ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር)፣ ከባድ ድባቴ፣ የመስማት መቀነስ፣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ)፣ የክሮንስ በሽታ (ሥር የሰደደ የአንጀት ቁጣ)፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ (አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን የሚጎዳ በሽታ)፣ ከጭንቅላት አደጋ በኋላ የሚቀር የማስታወስ ችግር እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። በሽታው መኖሩ ብቻ አካል ጉዳት አያሰኝም፤ የሚመዘነው ሰውየው ምን መሥራት እንዳቃተው ነው።

በመቻልና ባለመቻል መካከል ያለው ድንበር ቋሚ አይደለም። ሉፐስ ያለበት ሰው ዛሬ ደረጃ ወጥቶ ነገ ከአልጋ መነሳት ሊያቅተው ይችላል። ተሽከርካሪ ወንበር ከሚጠቀሙት መካከልም ጥቂት እርምጃ መራመድ የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ ወንበሩን የሚይዙት ለርቀት፣ ለሕመም ወይም ለሚዛን ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ከመደርደሪያ ዕቃ ያወረደን ሰው «አስመሳይ» ማለት በዚህ መስክ ተደጋግሞ የሚሠራ ስሕተት ነው።

ይበልጥ የሚያደናግረው ፖትስ የሚባለው ሁኔታ ነው። አዋቂ ሰው ከተኛበት በተነሣ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ በደቂቃ ቢያንስ በ30 ይጨምራል፤ ያዞረዋል፣ ሊስትም ይችላል። ሲራመድ የባት ጡንቻዎች ደሙን ወደ ላይ ስለሚገፉለት ሰልፍ ላይ ዝም ብሎ ከመቆም መራመዱ ይቀለዋል። ወንበር ሲጠይቅ «አሁን ስትራመድ አልነበር?» የሚባለውም ለዚህ ነው። ሥር በሰደደ የድካም ሕመም ደግሞ ጉዳቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሰውየው ስብሰባውን በደህና ተካፍሎ ይወጣና ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ባልደረቦቹ የሚያዩት የደህናውን ቀን ብቻ ነው።

ስለ አካል ጉዳት ብዛት በየዘመቻው የሚጠቀሱ መቶኛዎች መለኪያቸው ስለሚለያይ አይመሳከሩም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉልህ አካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች 1.3 ቢሊዮን፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ያደርሳቸዋል፤ ይህ የሚታየውንም የማይታየውንም ያጠቃልላል። በሕዝብ ቆጠራ በስፋት የሚሠራበት የዋሽንግተን ግሩፕ (በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለ የአካል ጉዳት ስታቲስቲክስ ቡድን) አጭር መጠይቅ ስድስት ጥያቄ አለው፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስና ማተኮር፣ ራስን መንከባከብ፣ መግባባት። በአንዱ እንኳ «በጣም ይከብደኛል» ወይም «ጭራሽ አልችልም» ያለ ይቆጠራል። ሕመም፣ ድካም፣ ጭንቀትና ድባቴ በአጭሩ መጠይቅ ውስጥ የሉም፤ የሚገኙት በቡድኑ ሰፊ መጠይቅ ውስጥ ነው። በአጭሩ ብቻ የቆጠረ አገር ከእነዚህ ወገኖች ብዙዎቹን ሳያይ ያልፋል።

ዓለም አቀፉ መሠረት የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ነው። ዲሴምበር 13 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ሜይ 3 ቀን 2008 በሥራ ላይ ውሏል። አንቀጽ 1 የሰውነትን፣ የአእምሮንና የስሜት ሕዋሳትን ጉዳት ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ጉዳቱ ለዓይን ይታይ የሚል ቅድመ ሁኔታ የለበትም። አርቆ ያሰበ አንቀጽ ነው። አንቀጽ 8 ደግሞ ግንዛቤ ማሳደግን ከበጎ ፈቃድ አውጥቶ የመንግሥታት ግዴታ አድርጎታል፤ ትምህርት ቤቶችንና መገናኛ ብዙኃንንም በስም ይጠራል።

በሕግ በኩል በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው የአሜሪካ ልምድ ነው። የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሲወጣ የማይታዩትንም እንደሚያቅፍ ታስቦ ነበር። በ1999 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሳተን በሚባለው ጉዳይ፣ ዓይናቸው ከርቀት እጅግ የሚደክም ሁለት እህትማማች አብራሪዎች በመነጽር አጥርተው ስለሚያዩ አካል ጉዳተኛ አይደሉም ሲል ወሰነ። ውሳኔው ከመነጽር አልፎ የሚጥል በሽታና የስኳር ሕሙማን ላይ ዞረ። መድኃኒቱ ሲሠራ «ጤነኛ ነህ» ተብለው ከጥበቃው ይወጣሉ፤ ሳይሠራ ሲቀር «ለሥራው አትበቃም» ይባላሉ። ኮንግረስ በ2008 ሕጉን አሻሻለ፤ ማሻሻያው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚመዘነው መድኃኒቱ፣ የኢንሱሊን ፓምፑ ወይም የመስሚያ መሣሪያው እንደሌለ ተቆጥሮ ነው፤ ተራ መነጽርና ኮንታክት ሌንስ ብቻ ከዚህ ወጥተዋል። እየመጣ የሚሄድ ሕመም ሲነሣ ብርቱ ገደብ የሚያመጣ ከሆነ ጋብ ባለበት ጊዜም አካል ጉዳት ነው። የአንጀት፣ የፊኛ፣ የአንጎልና የበሽታ መከላከያ ሥራም በሕጉ ተጠቅሷል። እንግሊዝ በበኩሏ የማይታይ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች የአካል ጉዳተኛ የመኪና ማቆሚያ ካርድ በቀላሉ እንዲያገኙ ከኦገስት 30 ቀን 2019 ጀምሮ መመዘኛውን አስፍታለች።

የማይታይ ጉዳትን ለማስታወቅ ከሚለበሱ ምልክቶች ታዋቂው የሱፍ አበባ ያለበት አረንጓዴ የአንገት ማንጠልጠያ ነው። በ2016 ለንደን አጠገብ ካለው የጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። የለበሰው ሰው ጊዜ፣ ትዕግሥት ወይም እገዛ ሊያስፈልገው እንደሚችል ለሠራተኛ ይጠቁማል፤ በሽታውን አይናገርም፣ ሰልፍ የመዝለል መብትም በራሱ አይሰጥም። የሕክምና ማስረጃ አለመጠየቁ ያስተቸዋል፤ ማንም ሊያጠልቀው ይችላል የሚሉ አሉ። ይሁንና ማስረጃ ቢጠየቅ ምልክቱ ሊያስቀር የፈለገው ምርመራ ተመልሶ ይመጣል፤ አሠራሩ እንዲህ መሆኑ ተገቢ ነው። ይልቅ የሚያከራክረው ሰው ራሱን ምልክት ለማድረግ መገደዱ ነው። ጃፓን በቀይ መደብ ላይ ነጭ መስቀልና ልብ ያለበት የእገዛ ምልክት አላት፤ የቶኪዮ አስተዳደር በ2012 ጀምሮት በ2017 አገር አቀፍ መመዘኛ ወጥቶለታል።

ምልክቱ የሚሠራው ያየው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ካወቀ ነው። የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ አይጥልም። አንዳንዱ ሰው ዓይኑ ፈዞ፣ እያላመጠ፣ የልብሱን ቁልፍ እየነካካ ሲጠሩት አይሰማም፤ ሰካራም ወይም ባለጌ ይመስላል። እጁን መያዝ ሊያስደነግጠውና ሊያታግለው ይችላል። ሰዓት መያዝ፣ ከመንገድና ከእሳት በቀስታ መምራት፣ እስኪነቃ አብሮ መቆየት ይበቃል። ከወደቀና ከተንቀጠቀጠ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ማስተኛት ነው። አፉ ውስጥ ምንም አይከተትም፤ ማንኪያ ጥርስ ይሰብራል፣ ውኃ ወደ ሳንባ ይገባል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አምቡላንስ ይጠራል።

የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች የወረደበት ሰውም ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይምታታል። መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ፈጣን ስኳር፣ ለምሳሌ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ፣ ይሰጠዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካል፣ ካልወጣ ይደገማል። ቸኮሌት ቅባቱ ስኳሩን ስለሚያዘገየው ለዚህ አይመረጥም። «ያለ ስኳር» የሚል ለስላሳ መስጠትም በጥድፊያ የሚሠራ ስሕተት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም አይሰጥም፤ አምቡላንስ ነው።

መስማት ለቀነሰው ሰው መጮኽ የከንፈርን ቅርጽ ያዛባል። ፊትን ወደ ብርሃን ማዞር፣ አፍን አለመሸፈን፣ ያልተሰማውን ዓረፍተ ነገር ከመድገም በሌላ ቃል ማለት ይሻላል። የመስሚያ መሣሪያ የአካባቢውንም ጫጫታ አብሮ ያጎላል።

በሥልጠና በኩል ዓይን ሸፍኖ ወይም ጆሮ ደፍኖ «አካል ጉዳተኛ መሆንን ማስመሰል» ርኅራኄን እንጂ መረዳትን ብዙ አያመጣም፤ ድካምንና ሕመምንማ ማስመሰልም አይቻልም። በአእምሮ ሕመም ላይ ያለውን መገለል ያጠናው የሕክምና መጽሔቱ ላንሴት የ2022ቱ ኮሚሽን የተሻለ ውጤት የሰጠው ከባለጉዳዮቹ ጋር መገናኘት መሆኑን ደምድሟል።

በመሥሪያ ቤት ማመቻቸት (ለጉዳቱ የሚስማማ የአሠራር ለውጥ) የሚጠይቅ ሰው የምርመራ ውጤቱን ለክፍል ኃላፊው መዘርዘር የለበትም፤ የሚያስፈልገው ምን እንደሚያግደውና ምን እንደሚፈታው ማስረዳት ነው። «ክሮንስ አለብኝ» ከማለት «መጸዳጃ ቤት አጠገብ ያለ ጠረጴዛና ሳላስፈቅድ የምነሣበት ስምምነት» ማለት ለኃላፊው የሚሠራበት ነገር ይሰጠዋል። በቃል የተፈቀደ ማመቻቸት ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የተፈቀደው ነገር፣ የተጀመረበት ቀን፣ ሕመሙ ሲነሣ ማን ምን እንደሚያደርግና መቼ እንደሚከለስ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበታል፤ አንዱ ቅጂ ሠራተኛው ጋር ይቀመጣል።