የኮንሶል ገበያ፦ በሣጥኑ ከስሮ በጌሙ የማትረፍ ንግድ

የቪዲዮ ጌም ኮንሶል ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ጌም ለማጫወት ተብሎ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። እንደ ዕቃ ካየነው ከሌላው የቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ብዙም አይለይም፤ እንደ ንግድ ካየነው ግን ከሸቀጥ ይልቅ ወደ ኬላ ያደላል። አምራቹ ኩባንያ ሣጥኑን በወጪው ዋጋ፣ አንዳንዴም ከወጪው በታች ይሸጣል፤ ገዢው አንዴ ከገባለት በኋላ በዚያ ሣጥን ላይ ጌም መሸጥ የሚፈልግ አሳታሚ ሁሉ ከሽያጩ ቆርሶ ይከፍለዋል። በዛሬዎቹ ዲጂታል መደብሮች የተለመደው ድርሻ 30 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኤፒክ የተባለው ጌም ሠሪና አፕል ሲካሰሱ ለምስክርነት የቀረቡ የማይክሮሶፍት ኃላፊ፣ ኩባንያው ከኤክስቦክስ ኮንሶል ሽያጭ አትርፎ ያውቅ እንደሆነ ተጠይቀው የሰጡት መልስ “አያውቅም” የሚል ነበር።

ኬላ መኖር እንዳለበት ግን መጀመሪያ ላይ ያስተዋለ አልነበረም። የአሜሪካው ኩባንያ አታሪ በ1977 ለገበያ ያወጣው ኮንሶል ካርትሪጅ (ጌሙን የያዘ ተነቃይ ማቀፊያ) እየተቀያየረ የሚጫወትበት ነበር፤ ለመሣሪያው ጌም የሚሠራ ሌላ ወገን ይመጣል ብሎ ስላላሰበ ኩባንያው መቆለፊያ አላበጀለትም። ስማቸው በሠሩት ጌም ላይ ባለመውጣቱና ከሽያጩ ድርሻ ባለማግኘታቸው የተከፉ አራት ፕሮግራመሮቹ ለቀው በ1979 አክቲቪዥንን ሲመሠርቱ አታሪ ከሰሳቸው፤ ክሱ በ1982 በስምምነት ሲቋጭ በሰው ኮንሶል ላይ ጌም መሸጥ በይፋ የተፈቀደ ያህል ሆነ። ከዚያ በኋላ ጌም የመሥራት ልምድ የሌለው ኩባንያ ሳይቀር ገበያው ውስጥ ገባ። የሰሜን አሜሪካ ሱቆች መደርደሪያ ማንም በማይፈልገው ካርትሪጅ ሲጨናነቅ ቸርቻሪው ዋጋ እየሰበረ ያራግፈው ጀመር፤ በ1983 ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ የነበረው ሽያጭ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወረደ ይገመታል። አታሪ ራሱ በኒው ሜክሲኮ በምትገኘው አላሞጎርዶ የተረፈውን ዕቃ በጭነት መኪና አስወስዶ ቀበረው።

የጃፓኑ ኒንቴንዶ በኮንሶሉ ወደ አሜሪካ የገባው በዚህ ፍርስራሽ ላይ ነው። በ1985 በኒው ዮርክ ሙከራ ሲጀምር ቸርቻሪዎቹ “ቪዲዮ ጌም” የሚለውን ቃል መስማት አይፈልጉም ነበር፤ ስለዚህ መሣሪያው “ኢንተርቴይንመንት ሲስተም”፣ ካርትሪጁ “ጌም ፓክ” ተባለ፤ ካርትሪጁ እንደ ቪዲዮ ካሴት ከፊት ለፊት እንዲገባ ተደረገ፤ ሣጥኑም ሮብ ከሚባል ትንሽ ሮቦት ጋር ተሸጠ። ሮቦቱ የሚጠቅመው ለሁለት ጌሞች ብቻ ነበር። ዋናው ሥራው ግን ኮንሶሉን የአሻንጉሊት መደብር በር ማሳለፍ ነበር፤ እርሱንም ተወጥቷል። ያልተሸጠውን መልሰን እንወስዳለን የሚለው ቃል ደግሞ የቀረውን የቸርቻሪ ሥጋት አቀለለው።

ከሮቦቱ ይልቅ ታሪክ የሠራው ዓይን የማያየው ነገር ነው። በኮንሶሉ ውስጥ አንድ ቺፕ፣ በእያንዳንዱ ካርትሪጅ ውስጥ ደግሞ አቻው ተቀምጦ፣ ኮንሶሉ ሲበራ ሁለቱ የተስማሙበትን የምልክት ቅደም ተከተል ያለማቋረጥ ያመሳክራሉ፤ ካልተጣጣሙ መሣሪያው በየሰከንዱ እየጠፋ ይነሣል፣ ስክሪኑም ብልጭ ድርግም ከማለት አያልፍም። የቺፑ ባለቤት ኒንቴንዶ ስለሆነ ካርትሪጁንም የሚያመርተው እርሱ ነበር። አሳታሚው ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍል፣ የጌሙ ይዘት ይመረመር ነበር፤ በዓመት ከአምስት ጌም በላይ ማውጣትም አይፈቀድለትም ነበር። የዘመናዊው ኮንሶል ንግድ የተወለደው በዚህ ውል ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገበያውን ከአታሪ ዘመን ጎርፍ ያዳነው ያው ውል አሳታሚዎችን ያስቀየመም ነበር፤ ቅያሜውን የሰበሰበው ሶኒ ሆነ።

የሶኒ አገባብ ራሱ ከቁርሾ የጀመረ ነው። በ1991 በቺካጎ በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ሶኒ ከኒንቴንዶ ጋር የሚሠራውን የሲዲ ማጫወቻ ባስተዋወቀ ማግስት ኒንቴንዶ ከፊሊፕስ ጋር እንደሚሠራ አሳወቀ። ሶኒ የራሱን ፕሌይስቴሽን በ1994 በጃፓን አወጣ። ለማምረት ውድ የሆነውን፣ ከወራት በፊት መታዘዝ ያለበትን ካርትሪጅ ትቶ ርካሹን ሲዲ መምረጡ የአሳታሚውን ኪሳራ አቃለለለት፤ በየዓመቱ ይጣል የነበረውም ገደብ ቀረ። ለዓመታት በኒንቴንዶ ኮንሶሎች ላይ ይወጣ የነበረው ተከታታይ ጌም ፋይናል ፋንታሲ ሰባተኛው ክፍሉን በ1997 በፕሌይስቴሽን ላይ ማውጣቱ የዚህ ውጤት ነው።

በግንቦት 1995 በሎስ አንጀለስ በተካሄደው የመጀመሪያው ኢ3 የጌም ትርኢት ላይ ሌላው የጃፓን ኮንሶል አምራች ሴጋ፣ ለመስከረም ይጠበቅ የነበረውን ሳተርን የተባለ ኮንሶሉን ከዛሬ ጀምሮ በ399 ዶላር እየሸጥን ነው ብሎ ታዳሚውን አስደነገጠ። በዚያው ዕለት የሶኒ ተራ ሲደርስ የኩባንያው የአሜሪካ ጌም ክፍል ኃላፊ ስቲቭ ሬስ ወደ መድረክ ወጥቶ “299” አለና ወረደ። ጭብጨባው ቀለጠ። ሳተርን ያልደረሳቸው ቸርቻሪዎች በበኩላቸው በሴጋ ተቀየሙ፤ ጌም ሠሪዎቹም ሥራቸውን ለመስከረም ያቀዱ ስለነበሩ መሣሪያው የሚጫወትበት ጌም አጥሮት ከረመ። ሴጋ በ2001 ኮንሶል ማምረቱን ተወ።

ማስታወቂያን በተመለከተ ትምህርቱ ያለው በዚያው ሴጋ ቀደምት ዓመታት ነው። ቶም ካሊንስኪ በ1990 የአሜሪካውን ቅርንጫፍ ሲረከብ ዋጋ ቀነሰ፣ በ1991 ሶኒክ የተባለውን ጌም ከሣጥኑ ጋር ጨምሮ ሰጠ፤ ማስታወቂያው ኒንቴንዶን በስሙ እየጠራ የታናሽ ወንድም መጫወቻ አስመሰለው። አቀራረብ ሲበላሽ የሚከተለው ደግሞ በ2013 ታየ። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን በ499 ዶላር፣ በ24 ሰዓት አንዴ ኢንተርኔት የሚጠይቅና ያገለገለ ጌም ልውውጥን የሚገድብ አድርጎ አስተዋወቀ። ሶኒ በ399 ዶላር ከመምጣቱም በላይ ጌም ለሰው ማዋስ እንዴት እንደሚቻል የሚያሳይ የ22 ሰከንድ ቪዲዮ ለቀቀ፤ አንዱ ዲስኩን ለሌላው ያቀብላል፣ ተቀባዩ ያመሰግናል፣ አለቀ። ማይክሮሶፍት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ገደቡን አነሣ።

ኒንቴንዶ በኪሳራ መሸጥን እምብዛም አይወድም። መሐንዲሱ ጉንፔ ዮኮይ ያወረሰው ፍልስፍና አሮጌና ርካሽ ቴክኖሎጂን ባልተለመደ መንገድ መጠቀም ነው። በ1989 የወጣው፣ በእጅ የሚያዘው ጌም ቦይ ቀለም አልነበረውም፤ ባትሪው ግን ባለቀለም ከነበሩት ተፎካካሪዎቹ በብዙ እጥፍ ይቆይ ነበር። በ2006 ፕሌይስቴሽን 3 በ499 እና በ599 ዶላር ሲወጣ የኒንቴንዶው ዊ የተሸጠው በ250 ዶላር ገደማ፣ እጅ በማወዛወዝ በሚሠራ መቆጣጠሪያ ነበር፤ ከ100 ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። ተከታዩ ዊ ዩ ግን በስሙ ተጎዳ፦ ብዙ ገዢ የቀድሞው ዊ ተጨማሪ ዕቃ መሰለውና 13.56 ሚሊዮን ላይ ቆመ።

ኪሳራውን የሚያስችለው የጊዜ ስሌት ነው። ቺፑ ከዓመት ዓመት እየረከሰ ስለሚሄድ ዛሬ የከሰረበት ሣጥን ነገ ያተርፋል ተብሎ ይታሰባል፤ ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 በ299 ዶላር ጀምሮ በ2009 ወደ 99 ዶላር ወርዷል። ይህ ስሌት አሁን ተዛብቷል፤ ፕሌይስቴሽን 5 በ2022 በበርካታ አገሮች፣ በ2025 ደግሞ በአሜሪካ ዋጋው ጨምሯል። ማይክሮሶፍት በ2017 ጌም ፓስ በተባለው፣ በወርኃዊ ክፍያ ብዙ ጌም በሚያስጫውት አገልግሎት ሌላ መንገድ ጀመረ፤ ለዚህም የሚሆን ጌም ለማከማቸት በ2023 አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለ። ሆኖም በ2024 የራሱን ጌም ሲ ኦፍ ቲቭስን በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ማውጣት ስለጀመረ፣ የአንዱ ኬላ ባለቤት በሌላው ኬላ ቀረጥ ከፋይ ሆኗል።