በድሮ ፊልም ላይ ማንም አይጣደፍም

ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የከተማ ፊልም ለሰው ባሳየሁ ቁጥር የምሰማው አንድ ነው፦ «ያኔ ሰው እንዴት ይጣደፍ ነበር!» ሰለቸኝ። ማንም አልተጣደፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲኒማ ፈር ቀዳጆች የሆኑት ፈረንሳውያን የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ካሜራማኖቻቸውን ወደ ሩቅ አገር ይልኩ ነበር። ከነሱ አንዱ አሌክሳንደር ፕሮሚዮ በ1897 ካይሮንና ኢየሩሳሌምን ቀረጸ። ካሜራው ሞተር የለውም። በእጅ ነው የሚዘወረው፤ በሰከንድ 16 ምስል ገደማ ያነሳል። አንዱ ጥቅልል 17 ሜትር አካባቢ ስለሆነ 50 ሰከንድ ያህል ይበቃል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ፊልም ድምፅ ሲያገኝ ግን መደበኛው ፍጥነት 24 ሆነ። የ16ቱን በ24 ስታጫውቱት 50 ሰከንዱ ወደ 33 ይወርዳል። ሽማግሌውም ፈረሱም ይሮጣል።

ፕሮሚዮ ከኢየሩሳሌም በሚወጣ ባቡር ላይ ሆኖ የቀረጸውን አክስቴ አይታ «ምን አስደንግጧቸው ነው?» አለችኝ። ፍጥነቱን ቀንሼ ደግሜ አሳየኋት። «ውይ፣ እንደኛው ናቸው!» አለች። እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። በማጫወቻ ስህተት የሰው ክብር ይጠፋል፤ የሰው ኑሮ መሳቂያ ይሆናል።

ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ስታዩ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርዱት። መጀመሪያ ግን አረማመዱን ልብ በሉ። አንዳንዱ ቅጂ አስቀድሞ የተስተካከለ ነው፤ እሱን አትንኩት።

«ካሜራው ያገኘውን ብቻ ነው የቀረጸው» የሚሉም አሉ። ሁልጊዜ አይደለም። በ1906 ከመሬት መንቀጥቀጡ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የተቀረጸውን የሳን ፍራንሲስኮ ማርኬት ጎዳና ፊልም እዩ። መንገዱ በአውቶሞቢል የተጨናነቀ ይመስላል። አንዳንዶቹን መኪኖች በዓይናችሁ ተከተሏቸው፤ እየዞሩ ተመልሰው በካሜራው ፊት ያልፋሉ። ስለዚህ በዚያ ፊልም የከተማዋን መኪና ብዛት መገመት አይቻልም።

«ድምፅ አልባ ስለነበር በዝምታ ይታይ ነበር»? ፒያኖ ነበር፣ ቆሞ የሚተርክ ሰውም ነበር። አሁን የምትሰሙት የፈረስ ኮቴና የገበያ ጫጫታ ግን በቅርቡ የተጨመረ ነው።

ቀለሙም እንደዚያው። በዘመኑ በእጅ የተቀቡ ፊልሞች ነበሩ፤ ዛሬ የሚዘዋወረው ባለቀለም ቪዲዮ ግን አብዛኛው የኮምፒውተር ግምት ነው። የሴትዮዋ ቀሚስ ሰማያዊ ይሁን ቡናማ ፊልሙ ራሱ አያውቅም። ስለዚያ ዘመን አለባበስ ልትጽፉ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ጥቁርና ነጩን ቅጂ ፈልጉ።