የስፌት ትርፍ ምንድን ነው? ትርፍ ያልሆነው ትርፍ

«ትርፍ እኮ ነው፣ ብዙ አትጨነቁበት፤ ከውስጥ ነው የሚቀረው፣ ማን ያየዋል?» ይህን ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ መቀጣጠል ከሚያስተምር ሰው አፍ ሰማሁ። ብዙ ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ፤ ሌሎችን የሚያስተምር ሰው ሲለው ግን ማለፍ አልቻልኩም።

የስፌት ትርፍ በጨርቁ ጠርዝና በስፌቱ መስመር መካከል የሚቀረው ጨርቅ ነው። የስፌት መኪና የነካ ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ ላይ አልቆይም። ሰው የሚያስተው ስሙ ነው። ትርፍ ሲባል ቢኖርም ባይኖርም የማይጎዳ፣ ከልክ በላይ የሆነ ነገር ይመስላል። በልብስ ላይ ይህ ስም እውነትነት አለው። ለሚያድግ ልጅ ሱሪ ስሰፋ ከኋላ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል እተዋለሁ፤ ሲወፍር ይለቀቅለታል። ጎኑ ላይ አንድ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ገላ ይሸፍነዋል፣ ለባሹም አያውቀውም። ቀሚስ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ስፌት ነው ያለው።

የተቀጣጠለ የአልጋ ልብስ ግን ሌላ ነው። በአንድ ረድፍ 12 ቁራጭ፣ ከላይ እስከ ታች 15 ረድፍ ቢኖረው 165 አጫጭር ስፌትና 14 ረጃጅም ስፌት አለው። እዚህ ትርፉ የልኩ አካል ነው። አሥር ሴንቲሜትር ሆኖ እንዲታይ የምፈልገውን ቁራጭ 11.3 አድርጌ የምቆርጠው፣ በእያንዳንዱ ጎን 6.5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ እንደሚገባ አስቀድሜ ስለቆጠርኩ ነው። በውጭ አገር የዚህ ሙያ ሰዎች ሩብ ኢንች ይላሉ፣ 6.35 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። እኛ በሴንቲሜትር ስለምንለካ 6.5 ብሎ መያዝ ይቀላል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ከሽርጥና ከድሪያ (ስስ የሴቶች ቀሚስ) ቁርጥራጭ የቀጣጠለቻቸውን ሁለት ረድፎች ይዛልኝ መጣች። በግራ ጫፋቸው አስተካክለን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋናቸው። የመጀመሪያው መገጣጠሚያ የገጠመ ይመስላል። ስድስተኛው ላይ የትንሽ ጣት ስፋት ያህል ተራራቀ። መጨረሻው ላይ አንዱ ረድፍ ከሌላው ከሁለት ሴንቲሜትር በላይ አጥሯል። «እትዬ፣ በማስመሪያ ነው የቆረጥኩት፣ ሁሉም እኩል ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ለካሁት፣ እኩል ነው። ገልብጠን ጀርባውን ስናይ አንዱ ረድፍ በ6.5፣ ሌላው በ7.5 ተሰፍቷል። በአንድ ስፌት ላይ አንድ ሚሊሜትር ከዚህ፣ አንድ ሚሊሜትር ከዚያ፤ በ11 ስፌት 22 ሚሊሜትር። «ዋናው አቆራረጥ ነው» ለሚሉትም መልሴ ይኸው ረድፍ ነው።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነገሩን በሐዲድ ቢያስበው ይገባዋል። በ1902 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እዚህ የደረሰው የድሮው ሐዲድ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። የአዲሱ መስመር 1,435 ሚሊሜትር ነው። በሁለቱም ላይ ባቡር ሄዷል። በአንድ ሜትር ተጀምሮ መሐል መንገድ ላይ የሚሰፋና የሚጠብ ሐዲድ ግን ባቡር ይገለብጣል። ስለዚህ ከተማሪዬ ጋር የተነጋገርነው ስለ ወጥነት ነው፦ ሁሉንም ስፌት በ7.5 ብትሰፋው ኖሮ አልጋ ልብሱ በሁለት ሴንቲሜትር ያህል ጠበብ ይል ነበር፣ ማዕዘኖቹ ግን ሁሉም ይገጥሙ ነበር። ሁለት ሴቶች ሥራ ተካፍለው በየቤታቸው ሲሰፉም እንዲሁ ነው። አንዷ በሜትሩ ሐዲድ፣ ሌላዋ በአዲሱ ከሄዱ፣ ሲገናኙ ዕቃው ከአንዱ ፉርጎ ወርዶ ወደ ሌላው መጫኑ ነው፤ እዚህ ደግሞ መጫን ማለት መተርተር ነው። ሐዲዱን በልኩ የሚያቆዩት ከስሩ ያሉት ተሸካሚዎች ናቸው። በስፌት መኪናችን ላይ ያንን ሥራ የሚሠራልን ፕላስተር ነው፦ ከመርፌው 6.5 ሚሊሜትር ለክታችሁ፣ የፋርማሲ ፕላስተር አራት አምስት ጊዜ ደራርባችሁ ጨርቁ የሚያልፍበት ብረት ላይ ለጥፉ፤ ጨርቁ ጠርዙን እየታከከ ይሄዳል። ጨርቁን ከላይ በሚጫነው የመኪናው እግር ጠርዝ ብቻ መተማመን አይበቃም፣ የእግሩ ስፋት ከመኪና መኪና ይለያያልና።

ምሳሌው የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱንም መናገር አለብኝ። ቁራጮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ወጥነት ይበቃል። አራት ትናንሽ ቁራጭ የተገጣጠሙበት ካሬ ከአንድ ሙሉ ካሬ አጠገብ ሲገባ ግን ትክክለኛው ልክም የግድ ነው። ትናንሾቹን 6.3 ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ በ6.5 ሚሊሜትር ብትሰፉ 11.3 ሴንቲሜትር ይሆናሉ፣ ከሙሉው ካሬ ጋር እኩል። በ7.5 ከሰፋችሁ 11.1 ይወጣሉ። የቱንም ያህል ወጥ ብትሆኑ ስፌት የበዛበት ካሬ ስፌት ከሌለበት ያንሳል።

ሌላም አለ። ጨርቅ በስፌቱ ላይ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ የአንድ ክር ያህል ይበላል። አቡጀዲን የመሰለ ወፈር ያለ ጨርቅ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ይወስዳል። ስለዚህ ከልኩ አንዲት ክር አጥብቦ መስፋት ስህተት አይደለም። ለማረጋገጥ 5.3 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ጥብጣቦች ቆርጣችሁ አገጣጥሙ፣ በካውያ ተጫኑ፣ መካከለኛውን ለኩ። ልክ 4 ሴንቲሜትር ካልሆነ ፕላስተሩን አንቀሳቅሱ። ይህን ፈተና ሳያልፉ 165 ስፌት መጀመር ክርና ጊዜ ማባከን ነው። ካውያውንም አንስታችሁ አስቀምጡት፤ እየጎተታችሁ ከተኮሳችሁ ልኩ ተመልሶ ይዛባል።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ምክር «ካልገጠመ ጠርዙን በመቀስ አስተካክለው» የሚለው ነው። እንዲህ የሚመክር ሰው ምን እንደሚቆረጥ ያያል? የሚቀጥለው ስፌት የሚያርፍበት ትርፍ ነው። አንዱ ጎን 6.5፣ ሌላው 4 ሆኖ ይቀራል፤ አራት ሚሊሜትሩ የሚተለተል ጨርቅ ላይ ከወደቀ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ስፌቱ ይከፈታል። ቁራጮቹን አስቀድሞ ኦቨርሎክ ማድረግም፣ ማለትም ጠርዛቸው እንዳይተለተል በልዩ መኪና መዝጋትም እንዲሁ ነው፤ የመኪናው ቢላዋ ሳናውቀው ጠርዙን ይበላል። ድሪቶ ከቁርጥራጭ ስለተሠራ አይደለም ድሪቶ የተባለው፤ በቀዳዳው ልክ እየተለጠፈ ስለተሰፋ ነው። ጥንቃቄ የተሞላበትን ሥራ ወደዚያ የሚመልሰው እንዲህ ያለ ምክር ነው።

ተማሪዬ አጭሩን ረድፍ ጎትታ ልታገጥመው ፈልጋ ነበር። ሲታጠብ ወደ ቦታው እንደሚመለስና መሐሉ እንደሚሸበሸብ ነገርኳት። ምላጭ ይዛ አሥራ አንዱንም ስፌት ተረተረች። በማግስቱ ስታመጣው ሁለቱ ረድፎች እኩል ነበሩ፤ የሽርጡ ጥቁር መስመር ከላይኛው ረድፍ ወደ ታችኛው ሳይሰበር ይወርዳል። ስድስተኛው ማዕዘን ላይ ብቻ የድሪያው ቁራጭ ትንሽ ሸሽቷል። ያ ጨርቅ ይንሸራተታል፣ ከመስፋት በፊት በሁለት ቦታ ስፒል ይፈልጋል።