ጠመንጃና ጥይቱ በደሴና አካባቢዋ

ደሴ ላይ የድሮ ጠመንጃ ወሬ ሲነሳ፣ ትንሽ ቆይቶ «ጥይቱስ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽርና በልጅግ ስም ያተረፉትም የተረሱትም ከአሠራራቸው ይልቅ በጥይታቸው ነው።

ወሎ መንገድ ላይ ናት። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ከደሴ በስተሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ ነው። ከአሰብ የሚነሳው የጣሊያን መሣሪያም በአውሳ አቋርጦ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በ1885 ዓ.ም. ጣሊያን ምኒልክን ለማባበል 2 ሚሊዮን ጥይት ላከች። እሳቸውም ጥይቱን ተረከቡ፤ በዚያው ዓመት ውሉን መሻራቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቁ። የአድዋ ዘማች «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ሲባል የከተተው እዚሁ ወሎ ነው። የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ አድዋ ላይ የሠራውን እዚህ መድገም አያስፈልግም።

የዚያን ዘመን ነገር ከውጅግራ ይጀምራል። ውጅግራ በፈረንጅ 1874 የወጣው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፤ «ፊዚ ግራ» በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። አንድ ጎርሶ አንድ ይተኩሳል፣ ጭሱም ተኳሹን ያጋልጣል። አረሩ ግን 11 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ ነው። እርሳስ ቤት ውስጥ ይቀልጣል፤ ባሩዱም አገር ውስጥ ይቀመም ነበር። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። ጥይት በየገበያው እንደ አሞሌ ጨው ይመነዘር የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቤታችን አንዲት የጠቆረች የውጅግራ ቀለህ አለች፤ ወፍራም አውራ ጣት ታክላለች። እናቴ ኩል ታስቀምጥባት ነበር።

ለበን፣ ማለትም የፈረንሳዩ ለቤል ጠመንጃ፣ በፈረንጅ 1886 መጣ። ቀለሁ የተሠራው የዚያኑ የውጅግራ ቀለህ አንገት አጥብበው 8 ሚሊሜትር አረር በማስገባት ነው። ጭስ የለውም፣ ርቆም ይመታል። ችግሩ ልባስ (የብረት ሽፋን) ያለው አረርና ጭስ አልባ ባሩድ በጎጆ ምድጃ አይሠራም። ጥይቱ ከባሕር ማዶ ካልመጣ ለበን ዱላ ነው። አሮጌው ውጅግራ ከአዲሱ ለበን ጎን ለጎን ብዙ ዘመን የኖረው በዚህ ይመስለኛል።

ስለ ምንሽር ክርክር አለ። አንዳንዱ የኦስትሪያውን ማንሊከር፣ አንዳንዱ የጣሊያኑን ባለ 6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ ይለዋል። ሁለቱም ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግን አርበኛ ከጠላት የሚማርከው ጥይት 6.5ቱ ስለነበር ጠመንጃውንም አብሮ ያነሳል።

በልጅግ፣ ማለትም የቤልጂየሙ ጠመንጃ፣ የተወደደው በ7.92 ሚሊሜትር ጥይቱ ነው። ያንኑ ጥይት የጀርመኑ ማውዘርም ይጎርሳል፤ ስለዚህ ጓድ ከጓዱ ዝናር መበደር ይችላል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ ለሠራዊቱ በየዓይነቱ ጥይት ማዳረስ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነበር።

ከነፃነት በኋላ ያለው አጭር ነው። የአሜሪካው ኤም ዋን ጠመንጃ መጣ፤ በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ጋር ሲቆራረጥ የጥይቱ ምንጭ ደረቀ። ክላሽ ተተካ። ዛሬ ጠመንጃም ጥይትም የሚተዳደሩት በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ነው።