ኢንዛይሞች የህዋስን ኬሚስትሪ የሚያፋጥኑት እንዴት ነው?

ለቁስል ማጠቢያ የሚውለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠርሙሱ ውስጥ ለወራት ቢቀመጥ ለዓይን ምንም ለውጥ አይታይበትም። የቆሰለ ጣት ላይ ጠብ ሲል ግን ወዲያው አረፋ ያወጣል። አረፋው ኦክስጅን ነው። ፈሳሹ ጠርሙሱ ውስጥ እያለም መፍረሱ አይቀርም፤ ግን እጅግ በዝግታ ነው። ፍጥነቱን የሚቀይረው ደምና የተጎዱ ህዋሳት ውስጥ ያለው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። አንድ የካታሌዝ ሞለኪውል በሰከንድ ሚሊዮኖች የፐርኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይቀይራል። ህዋሶቻችን ካታሌዝን የያዙት ለቁስል ማጠቢያ ብለው አይደለም። ፐርኦክሳይድ ራሱ ህዋስ ውስጥ ሁልጊዜ የሚፈጠር ጎጂ ተረፈ ምርት ስለሆነ ነው።

ኢንዛይም ማለት በህያው ህዋስ ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን ሥራውን ጨርሶ እንደነበረ የሚገኝ ሞለኪውል ነው። አብዛኞቹ ፕሮቲኖች ናቸው። ሁሉም ግን አይደሉም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን የዲ ኤን ኤ ዘመድ የሆነው አር ኤን ኤ የተባለ ሞለኪውልም ይህን ሥራ እንደሚሠራ አሳይተው በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሞለኪውል ወደ ሌላ ከመለወጡ በፊት አሮጌው ትስስር መላላት፣ አዲሱም መጀመር አለበት። መሃል ላይ፣ ወዲያም ወዲህም ያልሆነ፣ ለቅጽበት ብቻ የሚኖር ቅርጽ አለ። ኬሚስቶች የሽግግር ሁኔታ ይሉታል። እዚያ ለመድረስ ኃይል ይጠይቃል፤ አብዛኞቹ ሞለኪውሎች ደግሞ ያን ያህል የላቸውም። ላቦራቶሪ ውስጥ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማሞቅ። የሰው አካል ግን ከ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም ፈቀቅ ማለት አይችልም። ስለዚህ ኢንዛይም ለሞለኪውሎቹ ኃይል አይጨምርላቸውም፤ የሚጠየቁትን ኃይል ይቀንስላቸዋል።

እንዴት? ኤሚል ፊሸር በ1894 ኢንዛይምና የሚሠራበት ሞለኪውል እንደ ቁልፍና እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ይገጥማሉ አለ። ለማስታወስ ይመቻልና መማሪያ መጻሕፍት እስከ ዛሬ አልተውትም። እኔ ግን ግማሹን ብቻ ያስረዳል ባይ ነኝ። ኢንዛይም የራሱን ሞለኪውል ከሌላው እንዴት እንደሚለይ ይነግረናል። ለምን እንደሚያፈጥን ግን አይነግረንም። እንዲያውም ሞለኪውሉ ልክክ ብሎ ቢገጥም ኖሮ ተመችቶት ይቀመጥ ነበር፤ ለመለወጥ ምን ያስቸኩለዋል? መልሱን በ1940ዎቹ ያቀረበው ላይነስ ፖሊንግ ነው። የኢንዛይሙ ኪስ፣ ማለትም ሞለኪውሉ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ፣ ከሁሉ በላይ የሚገጥመው ለዚያ ለመሃለኛው፣ ለቅጽበታዊው ቅርጽ ነው። ሞለኪውሉ ወደዚያ ቅርጽ ባዘነበለ ቁጥር ኪሱ ይበልጥ ይይዘዋል፤ መሸጋገሩም ይቀልለታል። በ1958 ደግሞ ዳንኤል ኮሽላንድ ኪሱ ግትር እንዳልሆነ፣ ሞለኪውሉ ሲገባ ራሱም ቅርጹን እንደሚያስተካክል ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ የመድኃኒት ቀማሚዎች የሽግግሩን ቅርጽ የሚመስል ሞለኪውል ሲሠሩ ኢንዛይሙ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ አይለቅም። የፖሊንግ ሐሳብ ትክክል ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይታየኝም።

አንዱን ኪስ ቀረብ ብለን እንየው። ቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። የኪሱ ወለል ላይ አንድ የዚንክ አቶም ተቀምጧል፤ ሂስቲዲን የተባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ጥርቅም አድርገው ይዘውታል። በአራተኛው ጎን አንድ የውሃ ሞለኪውል ይጣበቅበታል። ዚንኩ የውሃውን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ስለሚስብ ውሃው አንዱን ሃይድሮጅን በቀላሉ ይለቃል፤ ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያው አጠገብ፣ ውሃ የማይወድ ጥግ ላይ ይገባል። ሃይድሮክሳይዱ ይይዘዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ በአብዛኛው የሚጓዝበት መልክ፣ ባይካርቦኔት፣ ይፈጠራል፤ አዲስ ውሃ መጥቶ ባይካርቦኔቱን ያስለቅቀዋል። ይህ ሁሉ በሰከንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይደጋገማል። ደም የሳንባን ቀጫጭን ሥሮች አልፎ የሚሄደው በአንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ባይካርቦኔቱ ተመልሶ ጋዝ ሆኖ መውጣት ያለበትም በዚያችው ጊዜ ነው። ያለ ኢንዛይሙ አይደርስም።

ይህ ለውጥ ግን ያለ እርዳታም በሰከንዶች ውስጥ ይካሄዳል። ከባዱ ሌላ ነው። የአር ኤን ኤና የዲ ኤን ኤ ክፍሎች ሲገነቡ ከሚካሄዱት ለውጦች አንዱ ያለ ኢንዛይም ውሃ ውስጥ ቢተው ግማሹ ብቻ እስኪጠናቀቅ 78 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይወስዳል። ይህን ሪቻርድ ዎልፈንደንና አና ራዚካ በ1995 አስልተው አሳትመዋል። ኢንዛይሙ ሲኖር ከአንድ ሰከንድ በታች ያልቃል።

አንድ ነገር ግን ኢንዛይም አያደርግም። የማይሆነውን እንዲሆን ማድረግ አይችልም። ለውጡ በመጨረሻ የት እንደሚቆም አይወስንም፤ ወደፊቱንም ወደኋላውንም እኩል ያፋጥናል።

ፍጥነቱም ገደብ አለው። ሌኦኖር ሚካኤሊስና ሞድ ሜንተን በ1913 እንዳሳዩት፣ ሁሉም ኪሶች ከተያዙ በኋላ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ቢጨምሩለትም ዋጋ የለውም። ሙቀት ሲበዛ ፕሮቲኑ ቅርጹን ያጣል፤ ኪሱም አብሮ ይጠፋል። የአሲድ መጠንም እንደዚሁ ይወስናል። የጨጓራው ፔፕሲን ኃይለኛ አሲድ ውስጥ ይሠራል፤ የአንጀቱ ትሪፕሲን ደግሞ አሲድ አይስማማውም።

ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑ ራሱ ብዙ አጨቃጭቋል። ኤድዋርድ ቡክነር በ1897 እርሾን ፈጭቶ፣ ህያው ህዋስ በሌለበት ጭማቂው ብቻ ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ አሳየ። ጄምስ ሰምነር በ1926 ዩሪያን የሚያፈርሰውን ዩሬዝ የተባለ ኢንዛይም ከጃክ ቢን ጥራጥሬ ለይቶ በክሪስታል መልክ አወጣና ፕሮቲን ነው አለ። ትልልቆቹ ኬሚስቶች አላመኑትም። ሰምነር በልጅነቱ በአደን አደጋ አንድ እጁን ያጣ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በአንድ እጅ የሚሠራ ሰው ነበር። በ1946 ኖቤል ደረሰው።

ህዋስ ኢንዛይሞቹን ዝም ብሎ አይለቃቸውም። ብዙ ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ በሰንሰለት ይሠራሉ፤ ብዙ ጊዜ የሰንሰለቱ የመጨረሻ ምርት ሲበዛ ተመልሶ የመጀመሪያውን ኢንዛይም ይይዘዋል፤ ሰንሰለቱም ይቆማል። መድኃኒቶችም የሚገቡት በዚሁ በር ነው። ፔኒሲሊን ባክቴሪያ ግድግዳውን የሚሠራበትን ኢንዛይም ያሰናክላል። አስፕሪን ደግሞ ሳይክሎኦክስጅኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ኪሱ ውስጥ ገብቶ ላይመለስ ይዘጋዋል። ሌሎች ህዋሳት በተዘጋው ፋንታ አዲስ ኢንዛይም ይሠራሉ። ደም እንዲረጋ የሚረዱት ፕላትሌቶች ግን ኒውክለስ ስለሌላቸው በቅጡ መተካት አይችሉም። ስለዚህ የአንድ ክኒን ውጤት እነሱ ላይ የሚቆየው እስከ ዕድሜያቸው፣ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ድረስ ነው። ሐኪሞች ከአንዳንድ ቀዶ ሕክምና ቀናት ቀደም ብለው አስፕሪን የሚያስቆሙት ለዚህ ነው።