‘ዝግ ባህል’ ምንድን ነው?

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበትን የእንክብካቤ ቤት ለማየት የሄደ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ንጽሕናው ላይ ነው። ወለሉ ተወልውሏል። የነዋሪዎቹ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የቁጥጥር ውጤቱ መግቢያው ላይ ተለጥፏል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ግን ውስጡ ሰው የሚንገላታበት ቤት ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ የጤናና የእንክብካቤ ተቋማትን የሚቆጣጠረው ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን እንዲህ ዓይነቱን ሁኔታ ‘ዝግ ባህል’ ይለዋል።

ነዋሪዎችን የሚጎዳ፣ መብታቸውን የሚጥስ አሠራር የቤቱ ወግ ሲሆን ዝግ ባህል ይባላል። አንድ ክፉ ሠራተኛ ስለተገኘ ብቻ ቤቱ ዝግ ባህል አለበት አይባልም። ክፉ ሰው የትም አይጠፋም። ነገሩ የሚከፋው ባልደረቦቹ አይተው እንዳላዩ ሲያልፉት፣ አዲስ የተቀጠረው ደግሞ ‘እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው’ ተብሎ ሲለምደው ነው።

ስያሜው በኮሚሽኑ መመሪያ ውስጥ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ጉዳዩ ግን ከዚያ በፊት አገር ያወቀው ነበር። ብሪስቶል ከተማ አቅራቢያ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል 24 አልጋ ያለው የግል ሆስፒታል ነበር። ስሙ ሆስፒታል ይሁን እንጂ ሰዎች በአማካይ 19 ወር ይቆዩበት ነበር፤ ከሦስት ዓመት በላይ የቆዩም ነበሩ። ለአንድ ሰው በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ ይከፈል ነበር። ያውም ከሕዝብ ገንዘብ። በግንቦት 2011 ፓኖራማ የተባለው የቢቢሲ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ጋዜጠኛ ሠራተኛ ሆኖ ገብቶ በድብቅ ካሜራ የቀረጸው ታየ። ሠራተኞች ነዋሪዎችን ይመታሉ፣ ይጎትታሉ፣ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሻወር ውስጥ ከተው ውኃ ያፈሱባቸዋል። ሆስፒታሉ በማግሥቱ ወር ተዘጋ። 11 ሠራተኞች ጥፋታቸውን አመኑ፤ ስድስቱ ታሰሩ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ቪዲዮውን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ በኋላ የወጣው የምርመራ ሪፖርት ነው። ሆስፒታሉ እስኪጋለጥ በነበሩት ሦስት ዓመት ገደማ የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስል) ሰዎችን ከጥቃት የሚጠብቅበት የጥበቃ ክፍል 40 ጥቆማ ደርሶት ነበር። ፖሊስ ከ29 ክስተቶች ጋር የተያያዘ መረጃ ነበረው። ነዋሪዎቹ ደግሞ ከ70 ጊዜ በላይ ድንገተኛ ክፍል ሄደዋል። አንድ የቀድሞ ነርስ ለአለቆቹ በጽሑፍ አመልክቶ፣ ነገሩ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ድረስ ደርሶ ነበር። ማለትም መረጃው ነበር። ፖሊስ የራሱን፣ ሐኪሙ የራሱን፣ ካውንስሉ የራሱን ቁራጭ ይዟል። ቁራጮቹን አንድ ላይ አስቀምጦ ‘ይህ ቤት ምን ሆኗል?’ ያለ አልነበረም። ወላጆችስ? እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ልጃቸውን ያገኛሉ እንጂ ወደሚተኛበት ክፍል አይገቡም ነበር።

‘አንዴ ከተጋለጠ በኋላማ ይታረማል’ ትሉ ይሆናል። በ2019 እዚያው አገር፣ ካውንቲ ደርሃም ውስጥ፣ ዎርልተን ሆል የሚባል ሌላ ተቋም በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ዘዴ ተጋለጠ። በ2023 አራት ሠራተኞች በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ተቋሙ ሲጋለጥ የያዘው የቁጥጥር ደረጃ ‘ጥሩ’ የሚል ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ የቁጥጥር ቡድን ሥጋቱን የጻፈበት ሪፖርት ደግሞ ሳይታተም ቀርቷል። ከዚህ በኋላ ነው ኮሚሽኑ ለተቆጣጣሪዎቹ ወረቀቱን ብቻ አትዩ፣ ባህሉን እዩ ማለት የጀመረው።

ታዲያ ባህል እንዴት ይታያል? ከዕለት መዝገቡ መጀመር ጥሩ ነው። አንድ መናገር የማይችል ሰው ጭንቅላቱን ግድግዳ ላይ ይመታል እንበል። ምክንያቱ ጥርስ ሕመም ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀት ቀላል ነገር ይመስላል፤ በዚህ ኅብረተሰብ ክፍል ግን ሰው ገድሏል። ጤናማ ባህል ባለበት ቤት ሠራተኛው ‘ምን አሞት ይሆን? መቼ ጀመረው? ሐኪም ይየው’ ብሎ ይጽፋል። ዝግ ባህል ባለበት ቤት ግን መዝገቡ ‘ዛሬም አመሉ ተነሣበት’ ወይም ‘እንዲያዩት ብሎ ነው’ ይላል። ሕመሙ ጠባይ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው። ጠባይ ከተባለ ደግሞ መፍትሔው ቅጣት፣ በኃይል መያዝ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሆናል።

የመድኃኒቱ ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ነው። በ2015 የወጣ የመንግሥት ግምት እንደሚለው፣ በእንግሊዝ ከ30,000 እስከ 35,000 የሚሆኑ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች ተገቢው ምርመራ ሳይኖር የአእምሮ ሕመም ወይም የድብርት መድኃኒት ይወስዱ ነበር። የአገሪቱ የጤና አገልግሎት በማግሥቱ ዓመት ይህን ለመቀነስ ዘመቻ ጀመረ። ፀጥ ያለ ሰው ሁልጊዜ ደህና ሰው አይደለም። ተኝቶ የሚውል ነዋሪ ሠራተኛ ላነሰው ቤት ይመቻል።

ሠራተኛ ማነሱም ከባህሉ ጋር የተሳሰረ ነው። ሺፍቱ 12 ሰዓት ነው፣ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሥልጠናው ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ተጫን ተጫን ተደርጎ የሚያልቅ ነው። የቻለ ይለቃል። በእሱ ቦታ ከኤጀንሲ የመጣ ሰው ይተካል፤ ነዋሪውን አያውቀውም፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ‘እምቢ’ን በምን ምልክት እንደሚናገር አያውቅም። ሥራ አስኪያጁም በየስድስት ወሩ ይቀያየራል። ዘመዳሞችና ጓደኛሞች አንድ ቡድን ውስጥ ሲሠሩ ደግሞ ‘ማን ማንን ይከሳል?’ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ይህን ስል ሠራተኛውን ነፃ ለማውጣት አይደለም። እጁን ያነሣው እሱ ነው። ግን እሱን ብቻ አስሮ ቤቱን እንዳለ መተው ቀጣዩን ዎርልተን ሆል መጠበቅ ነው።

መናገር የማይችሉትን ነዋሪዎች አስተያየት ለማወቅ ተቆጣጣሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ዘዴ አለ። ሳሎን ወይም ምግብ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብለው በየአምስት ደቂቃው ይመዘግባሉ፦ ይህ ሰው ፊቱ እንዴት ነው? የሚያደርገው ነገር አለው? ሠራተኛው አናገረው? እንዴት አናገረው? በቡድኑ ውስጥም ራሳቸው እንዲህ ዓይነት አገልግሎት ያገኙ ወይም የቤተሰብ አባል ያላቸው ሰዎች አብረው ይሄዳሉ። እኔ እንደሚመስለኝ አንድ ሰዓት እንዲህ መቀመጥ አንድ ካርቶን ሙሉ ፖሊሲ ከማንበብ ይበልጣል። ቢሆንም ተቆጣጣሪ በተቀመጠበት ሰዓት ሁሉም ጨዋ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ትልቁ ጥበቃ በሳምንት ውስጥ ብዙ የውጭ ዓይን ቤቱን ማየቱ ነው፦ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ ጠበቃ ሆኖ የሚናገርለት ሰው፣ ነርስ፣ ነዋሪው ራሱ የሚወጣበት ሥራ ወይም ክበብ። በኮቪድ ጊዜ ጉብኝት ሲከለከል ኮሚሽኑ ሥጋት የገባው ለዚህ ነው።

ብዙዎች ‘ትልቅ ተቋም ነው ችግሩ፣ ትንሽ ቤት ይሻላል’ ይላሉ። በአብዛኛው እውነት ነው። ግን አራት ሰው የሚኖርበት ቤትም ማንም ዝር የማይልበት ከሆነ ያው ነው፤ እንዲያውም የሚታዘበው ሰው ያንሳል።

ለዘመድ ቤት የምታማርጡ ወይም እዚያ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ከሆነ፣ ‘ደህንነቱ የተጠበቀ ነው ወይ?’ ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ ‘አዎ’ ነው። ይልቅ ‘ባለፈው ማክሰኞ ማታ ምን ሲያደርግ አመሸ?’ በሉ። የሚያውቀው ሠራተኛ ወዲያው ይነግራችኋል፤ የማያውቀው መዝገብ ያገላብጣል። ሳትናገሩ ሄዳችሁ ክፍሉን ለማየት ጠይቁ። ለመጨረሻ ጊዜ በኃይል የተያዘው መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠ ጠይቁ። መድኃኒቱን ሐኪም መቼ እንደገመገመው ጠይቁ። በእንግሊዝ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ሰው ከ14 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በዓመት አንዴ የጤና ምርመራ ይሰጣል፤ ተደርጎለት እንደሆነ ቤቱ ማወቅ አለበት።

ጠባሳ ወይም ያልተለመደ ፍርሃት ካያችሁ ቀንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ የነበሩትን ሠራተኞች ስም መዝግቡ። ለሥራ አስኪያጁ ነግራችሁ ብቻ አትቀመጡ። የአካባቢው ካውንስል የጥበቃ ክፍል እንዲህ ያለ ሥጋት ሲደርሰው የማጣራት ግዴታ አለበት፤ በ2014 የወጣው የእንክብካቤ ሕግ እንዲህ ይላል። ለኮሚሽኑም ለብቻው ንገሩ፤ ወንጀል ከመሰላችሁ ለፖሊስ። ለሦስቱም ስትጽፉ ለሌሎቹም መጻፋችሁን እዚያው ደብዳቤው ላይ አስፍሩ።