የጎንደር የጣሊያን ቤቶችና ግቢያቸው

ጎንደር ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ፋሲል ግንብ ነው። አይፈረድም። ከግንቡ ወጥተው ወደ ፒያሳ ሲያቀኑ ግን ሌላ ጎንደር ያጋጥማል። ግድግዳው ቢጫ፣ ማዕዘኑ ክብ፣ በረንዳው ሰፊ። የከተማው ሰው ባጭሩ «የጣሊያን ቤት» ይለዋል። የቅኝ ግዛት ቤት ብሎ የሚጠራው የለም፤ እርስዎም ባይሉት ይሻላል። የእኛ አምስት ዓመት ወረራ ነበር፤ ያውም አርበኛው እንቅልፍ የነሳው።

ጣሊያን ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከተማዋ የድሮዋ አልነበረችም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት መናገሻ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ተዘርፋለች፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሽ አቃጥሏታል። ጣሊያኖች የአማራ ግዛት ያሉትን ሲያዋቅሩ ዋና ከተማው አደረጓት። ፕላኑን የነደፈው ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ የፍሎሬንስ አርክቴክት ነው።

ቦዚዮ ግንቡን አልነካውም፤ ተጠቀመበት። ፖስታ ቤቱን ከላይ አስቀመጠና ዋናውን ጎዳና ቁልቁል ወደ ግንቡ ለቀቀው። ዛሬም ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመው ቢያዩ ይገባዎታል። አዲስ የመጣው ገዢ ራሱን ከነገሥታቱ ጎን ሊያሰልፍ ፈልጓል። የመኖሪያ ሰፈሩም ተከፋፍሏል። ጣሊያኑ ለብቻ፣ አገሬው ለብቻ። በቤቶቹ ውበት ስንደመም ይህን የምንረሳ ብዙዎች ነን፤ እኔም አንዱ።

ጊዜው ረጅም አልነበረም። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ስትቀበል ጎንደር ገና በጠላት እጅ ነበረች። በጎንደር የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ጉሊዬልሞ ናዚ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ቤቶቹን ያሠሩት ሰዎች እዚህ ስድስት ዓመት እንኳ አልቆዩም። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰማንያ ምናምን ዓመታት የእኛ ናቸው።

ቤቶቹ በአብዛኛው ፎቅ የሌላቸው ወይም ባለ አንድ ፎቅ ናቸው። የአገሩን ጥቁር ድንጋይ ተጠቅመዋል፤ ድንጋዩን የተሸከመውና የጠረበውም ብዙው የአገሩ ሰው ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቋንቋው ነው። በካንቸሎ እንገባለን፣ ኮርኒሱን ቀና ብለን እናያለን፣ እጃችንን ላቫንዲኖ ላይ እንታጠባለን። ጣሊያን ሲወጣ ቃሎቹን ይዞ አልወጣም። ጎንደር ውስጥ አውቶፓርኮ የሚባል ሰፈር እስከ ዛሬ አለ።

የነዋሪዎቹን ታሪክ ለማወቅ ከቤቱ ይልቅ ግቢውን ማየት ይሻላል። አጥሩ ላይ ቡገንቪላ ተንጠልጥሏል። ጥግ ላይ ጽድ ወይም ጃካራንዳ ይኖራል። ቡገንቪላም ጃካራንዳም የደቡብ አሜሪካ ተክሎች ናቸው፤ ጎንደር ግን ከተመቻቸው ቆዩ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነች፣ ክረምቱም አይነፍጋትም። ለጌጥ የታሰበው መደብ ግን ሥራ ይዟል። ጽጌረዳ የነበረበት ጌሾ ቆሟል፤ ከጌሾው ሥር ጎመን፣ ከጎመኑ አጠገብ ጤና አዳም። ልብስ የሚሰጣውም እዚያው ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ሹም ቤተሰብ የተሠራ ቪላ የቀበሌ ቤት ሲሆን ሦስት አራት አባወራ ይካፈለዋል። ሳሎኑ በኮምፖርሳቶ ይከፈላል፣ ጓሮው ላይ የቆርቆሮ ማዕድ ቤት ይቀጠላል። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ጣሪያውን የሚያድስ ይጠፋል። ቅርስ ወዳዶች በዚህ ይናደዳሉ። እኔ አልናደድም፤ ሰው ባይኖርበት ኖሮ ይህን ጊዜ ፈርሶ ነበር።

አትክልት ያለው ግቢ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። የፋሲል መዋኛ ከጥምቀት ቀን ውጭ ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ የዛፎቹ ሥር የድንጋይ አጥሩን እንደ ጣት ጨብጦታል። እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብለው ቁስቋም ላይ ግቢያቸውን ሠርተዋል። ጣሊያን ከመምጣቱ ሁለት መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

የጣሊያን ቤቶቹን ማየት ትኬት የለውም፤ አስጎብኚም ብዙ አያስፈልግ። ችግሩ አብዛኞቹ መኖሪያ ወይም መሥሪያ ቤት ናቸው። ዘው ብሎ መግባት ነውር ነው። ካንቸሎውን አንኳኩተው፣ ሰላምታ አስቀድመው፣ የመጡበትን ይናገሩ። መሥሪያ ቤት ከሆነ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ጥበቃውን ያናግሩ። እኔ ሳላናግር አንድ ክብ በረንዳ አንስቼ ግማሽ ሰዓት ማብራሪያ ስሰጥ ቆሜአለሁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ቢመጡ ግቢው ሁሉ ለምልሞ ያገኙታል።

ባለፈው አንድ ግቢ ገብቼ በረንዳው ሥር ያረጀ የኮክ ዛፍ አየሁ። የቤቱ እናት ቡና እየቆሉ ነበር።

«እማማ፣ ይሄንንስ ጣሊያን ነው የተከለው?» አልኳቸው።

ምጣዱን አወዛወዙና ሳቁ። «የምን ጣሊያን! እኔ ነኝ የተከልሁት።»